ቤቱ ቀድሞ፣ ቧንቧው ዘግይቶ፦ የአቃቂ ሜዳ ታሪክ

አዲስ አበባ ላይ የተደፋ ውሃ የት እንደሚሄድ አስባችሁ ታውቃላችሁ? እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ አቃቂ 2,100 ሜትር ገደማ። በመሃላቸው ያለውን ከተማ ወደ ደቡብ ያዘነበለ ትልቅ ትሪ በሉት። ዝናቡም፣ የእቃ ማጠቢያው እጣቢም፣ ሌላውም (ቁርስ ላይ ላላችሁ ስል ስሙን ትቼዋለሁ) ቁልቁል ተንደርድሮ የሚያርፈው አቃቂ ሜዳ ላይ ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ሰዉም ተከትሎ እየወረደ ነው። ቱሉ ዲምቱ፣ ቂሊንጦ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ገላን... ሁሉም እዚያው ናቸው።

ስለ ኮንዶሚኒየም ስናወራ ወሬያችን እጣ፣ ዋጋና ስንተኛ ፎቅ እንደደረሰን ነው። ህንጻው የቆመበት መንደር ከህንጻው በፊት ምን ነበረው? ስንት ሰው የሚያጠጣ ውሃ፣ ስንት ሰው የሚያሳልፍ መንገድ? ይህን የሚጠይቅ ብዙ አይገኝም። የኔ ክስ አጭር ነው፦ ይህች ከተማ ከተቆረቆረች ጀምሮ ቤት ስትቆጥር ኖራለች፤ ቧንቧ መቁጠር የምትጀምረው ሰዉ ጀሪካን ይዞ ከተሰለፈ በኋላ ነው። የዘገየውን ሂሳብ የሚከፍለው ደግሞ ከታች ያለው መንደር ነው። እስቲ ከስር እንጀምረው። (ዓመተ ምህረቱ ሁሉ በእኛው አቆጣጠር ነው።)

ነገሩ የተጀመረው በእንጨት ነው። በ1879 ዓ.ም. ቤተ መንግሥቱ ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃ አካባቢ መውረድ ሲጀምር ፊንፊኔ የመንደሮችና የግጦሽ አገር ነበረች። መኳንንቱ ቦታ ተሰጣቸው፤ እያንዳንዱም ወታደሩን፣ አሽከሩን፣ ገረዱንና በቅሎውን ይዞ ሰፈረ። ዛሬ "ሰፈር" ስንል ጎረቤትና ሱቅ ነው የሚታየን፤ ቃሉ ግን በቀጥታ የሠራዊት ማረፊያ ነው። ያኔ የቤቶች ልማት ማለት ይኸው ነበር። አንድ ራስ በአንድ ወር ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ሰው አንድ ኮረብታ ላይ ያሰፍራል። ያ ሁሉ ሰው ጎጆ ይሰራል፣ እንጀራ ይጋግራል፣ በክረምት እሳት ይሞቃል።

ብዙም ሳይቆይ ዙሪያው ተመለጠ። ድሮ ቢሆን መፍትሄው ቀላል ነበር፤ እንጨት ሲያልቅ ቤተ መንግሥቱ ይነሳል። ምኒልክ ራሳቸው አንኮበርን፣ ልቼን፣ ወጨጫንና እንጦጦን እያፈራረቁ ነው እዚህ የደረሱት። አሁንም ሊነሱ ነበር። በ1893 ዓ.ም. ገደማ ከከተማው በስተ ምዕራብ 55 ኪሎሜትር ያህል ርቆ አዲስ ዓለም ላይ ቤተ መንግሥት መሰራት ተጀመረ። ከተማዋን ከመነሳት ያዳናት ባሕር ዛፍ ነው ይባላል፤ ቶሎ የሚያድገው ዛፍ የማገዶውን ነገር አስታገሰው። የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ እስከ ዛሬ ማርያም እያልን የምንሳለመው ነው። ልብ በሉ፦ ሰዉ ቀድሞ ሰፈረ፣ ማገዶው አለቀ፣ ከተማዋ ልትፈርስ ስትል ዛፉ ደረሰ። ይህን ቅደም ተከተል ያዙልኝ፤ ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ ሁሉ እሱው ነው።

ውሃውም እንደዚያ ነው። ቤተ መንግሥቱ ከእንጦጦ ምንጭ በቧንቧ ውሃ ያገኘው በ1880ዎቹ ነው፤ ስራውን የመራው ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ ነበር። ሕዝቡ ግን ከወንዝ፣ ከምንጭና ከጉድጓድ እየቀዳ ቀጠለ። ገፈርሳ የተገደበው በ1930ዎቹ ነው፤ ለገዳዲ በ1960ዎቹ መጀመሪያ፤ ድሬ በ1990ዎቹ መጀመሪያ። በለገዳዲና በድሬ መሃል ያለውን ርቀት ቁጠሩት፦ ወደ ሰላሳ ዓመት ገደማ። በዚያ ዘመን አብዮት መጣ፣ መንግሥት ተቀየረ፣ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ፣ ቀበሌ የቤት አከራይ ሆነ፤ ሰዉ ግን መውለዱንም ከክፍለ ሀገር መምጣቱንም አላቆመም።

ካርታ ካላችሁ አንድ ነገር እዩ። አቃቂ የሚባሉ ሁለት ወንዞች አሉ፤ ትልቁና ትንሹ። ገፈርሳ ያለው በትንሹ አቃቂ ራስጌ ነው። ለገዳዲና ድሬ ደግሞ በትልቁ አቃቂ ገባሮች ላይ። ሁለቱ ወንዞች ከተማውን አቋርጠው አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኙና ወደ አዋሽ ይሄዳሉ። በቀላል አማርኛ፦ የወንዞቹን ራስ ገድበን እንጠጣለን፣ የተጠቀምንበትን በወገባቸው እንደፋለን፣ ከጭራቸው የሚቀዳው የአቃቂ ሰው ነው።

የአቃቂ ሰው ማን ነበር? አፈሩ ጥቁር መረሬ ነው፤ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ሽምብራና ጓያ ያበቅላል። በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ገበሬው ውሃ እንዳይተኛበት ቦይ እያወጣ ነው የሚያርሰው። በዚህ የገበሬ አገር መሃል ባቡር መጣ። ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ አቃቂ የዋና ከተማዋ ደጃፍ ሆነች። በጣሊያን ወረራ ዋዜማ የሬዲዮ ጣቢያ ተተከለባት፤ ንጉሡ ለዓለም ድምጻቸውን ያሰሙት ከዚያ ነው። በ1950ዎቹ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ተከተለ። ከፋብሪካው ጋር ወዛደሩ፣ ከወዛደሩ ጋር ጠጅ ቤቱና ጭቃ ቤቱ መጣ። ትንሽ የሠራተኛ ከተማ ወጣት። ጣቢያው፣ ፋብሪካውና የደብረ ዘይት መንገድ ለዚያች ለትንሿ ከተማ ይበቁ ነበር።

አሁን አባ ሳሙኤልን ላስተዋውቃችሁ፤ በኔ እምነት ከአገራችን ግድቦች ሁሉ ትልቁ ትምህርት ያለው እሱ ላይ ነው። በኢትዮጵያ ከመጀመሪያዎቹ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው። ስራው በ1924 ዓ.ም. ተጀምሮ በጣሊያን ዘመን ተጠናቀቀ፤ አቅሙ 6.6 ሜጋዋት። ለአዲስ አበባ መብራት ሰጠ። ከዚያ ያ ያዘነበለው ትሪ ስራውን ሰራ። ከተማው ባደገ ቁጥር ደለሉ፣ ፍሳሹና ቆሻሻው ወረደ፤ ሐይቁ ሞላ፣ እምቦጭ ለበሰ። በ1960ዎቹ ውስጥ ማመንጫው ስራ አቆመ። ከተማው መብራት ያበራለትን ግድብ በራሱ እጣቢ አጠፋው ማለት ነው። በቻይና እርዳታ ታድሶ እንደገና መዞር የጀመረው በ2009 ዓ.ም. ነው።

ፍሳሹ እንዲህ የሆነው ተቋም ጠፍቶ አይደለም። ውሃና ፍሳሽ የሚባለው መስሪያ ቤት ከ1963 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ግን ከስሙ የመጀመሪያው ቃል ሲሮጥ ሁለተኛው እያነከሰ ነው የኖረው። የቃሊቲው የፍሳሽ ማጣሪያ በ1970ዎቹ ሲሰራ በቀን 7,600 ሜትር ኩብ ያህል ነበር የሚያስተናግደው። ቀሪው ከተማ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ሲሞላ መምጠጫ መኪና እየጠራ፣ መኪናው ሲዘገይበት ደግሞ ክረምትን ጠብቆ ወደ ወንዙ እየለቀቀ ኖረ (ሰፈራችሁን ጠይቁ፣ ታሪኩን የማያውቅ የለም)። ማጣሪያው ወደ 100 ሺህ ሜትር ኩብ ያደገው በ2010 ዓ.ም. አካባቢ ነው። እስከዚያው የአቃቂ ገበሬ በወንዙ ውሃ ጎመንና ሰላጣ እያጠጣ ወደ ገበያችን ሲልክልን ከረመ። የላክንለትን መልሶ ላከልን ማለት ይቻላል።

በ1990ዎቹ ደግሞ አዲስ ነገር ተገኘ፤ የአቃቂ ከርሰ ምድር ውሃ። ከ20 በላይ ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፈሩ። ከላይ የመጣው ግድብ ስላልበቃ ከተማው ወደ ታች ወርዶ መቅዳት ጀመረ። እዚህ ላይ ያ ትሪ እንደገና ይመጣል፦ ከለገዳዲ ውሃ በአብዛኛው በራሱ ቁልቁለት ይወርዳል፤ ከአቃቂ ግን በፓምፕ መገፋት አለበት። ፓምፕ መብራት ይፈልጋል። መብራት ሲጠፋ ውሃ የሚጠፋበት ምስጢር ይኸው ነው፤ ውሃና ፍሳሽ "መብራት ኃይል ነው" ሲል መብራት ኃይል ዝም የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። የጉድጓዶቹ ጎረቤት የሆነው የገጠር ሰው ትልቁ ቧንቧ በደጁ እያለፈ እሱ አህያ ላይ ጀሪካን ሲጭን ማየት የተለመደ ሆነ። "የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው" የሚለው ተረት ለአቃቂ ልጅም ይሰራል።

እንግዲህ በዚህ መንደር ላይ ነው ቤቱ የመጣው።

የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም በ1996 ዓ.ም. ገርጂ ላይ በሙከራ ተጀመረ። መጀመሪያ ላይ ህንጻዎቹ ከተማው ውስጥ፣ ነባር ቧንቧና መንገድ ባለበት ነበር የሚቆሙት። ክፍት ቦታው ሲያልቅና መሃል ከተማ ላይ ያለው የመሬት ዋጋ ሲሰማይ ፕሮግራሙ ወደ ዳር ወጣ። ይህን ውሳኔ ሙሉ በሙሉ ላወግዘው አልችልም። የቀበሌ ጭቃ ቤት ውስጥ ስምንት ሆኖ ያደገ ሰው የራሱ ቁልፍ ሲሰጠው ያየ ሰው ፕሮግራሙ ከንቱ ነበር አይልም። ችግሩ ዳር ላይ ያለው መሬት "ባዶ" ተብሎ መታሰቡ ነው። በካርታው ላይ ባዶ የሚመስለው ቦታ ላይ ሰው ነበር፤ ያ ሰው የሚጠጣበት ምንጭና ከብቱ የሚያልፍበት መንገድም ነበር።

ሂሳቡን በጣታችን እንስራው። አስር ሺህ ቤት ያለው አንድ ሳይት እንውሰድ፤ በየቤቱ አራት ሰው። አርባ ሺህ ሰው ሆነ። ለአንድ ሰው በቀን ሃምሳ ሊትር ብንሰጠው (ገላ ለመታጠብ የሚያስመርር ልክ ነው) በቀን ሁለት ሚሊዮን ሊትር ይሆናል። በሃያ ሊትሩ ቢጫ ጀሪካን መቶ ሺህ ጀሪካን። ይህ ትናንት ጥቂት ቤተሰብ በአህያ ሲቀዳበት በነበረ ቦታ ላይ በየቀኑ መምጣት ያለበት ነው። ከመጣው ውስጥ ደግሞ አብዛኛው ቆሽሾ መውጣት አለበት። የት? ማጣሪያው ካልተሰራ ወይም ተሰርቶ ካልሰራ በቦዩ፤ ቦዩ ደግሞ ወደ ገበሬው ማሳ።

ውሃ በፈረቃ ሲመጣ የግፊቱ ነገር አለ። ምድር ቤት ያለችው ባልዲዋን ሞልታ ስትዘጋ አራተኛ ፎቅ ያለው ገና የአየር ድምጽ ነው የሚሰማው። ስለዚህ ነዋሪው ኮሚቴ ያቋቁማል፣ ብር ያዋጣል፣ ሮቶ ይገዛል፣ ፓምፕ ይተክላል። ብዙ ብሎክ ፓምፕ ሲተክል ከመስመሩ የሚስበው ጉልበት ያለው ይሆንና በመስመሩ ጫፍ ላይ ያለው የነባር መንደር ቦኖ ይደርቃል። የቦኖዋን ወረፋ የምትጠብቀዋ እናት ውሃዋን ማን እንደወሰደባት አታይም። የምታየው ከጣሪያ ላይ የተደረደሩ ጥቁር ሮቶዎችን ነው።

አፈሩም የራሱ ፍርድ አለው። መረሬ በክረምት ሲያብጥ በበጋ ሲሰነጠቅ ላዩ ላይ የተዘረጋው ኮብልስቶንና አስፋልት አብሮ ይነሳል፣ አብሮ ይወድቃል። ስሩ የተቀበረውም ቧንቧ እንዲሁ። ድሮ ዝናቡን ቀስ ብሎ ይጠጣ የነበረው ማሳ በሲሚንቶ ሲሸፈን ጎርፉ በአንድ ጊዜ ይወርዳል፤ ገበሬው ለማሳው ያወጣት ቀጭን ቦይ ይህን እንድትሸከም አልተሰራችም። መንገዱም ያው ነው። በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው የአዳማው የክፍያ መንገድ የሚነሳው ከቱሉ ዲምቱ ነው፤ ዘመናዊ ነው፣ ያምራል። የቱሉ ዲምቱ ነዋሪ ግን ጠዋት የሚፈልገው ወደ መገናኛ እንጂ ወደ አዳማ አይደለም። እሱ የሚሰለፈው ለአንበሳ አውቶቡስ ነው።

ገበሬውስ? በ1997 ዓ.ም. የወጣው የካሳ አዋጅ መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅ ገበሬ የአምስት ዓመት አማካይ የዓመት ገቢውን በአስር አባዝቶ ይሰጠው ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዲስ አዋጅ አባዢውን ወደ አስራ አምስት ከፍ አደረገው። በወረቀት ላይ ብዙ ይመስላል። የአስር ዓመት ምርት በአንድ ቀን በእጁ የገባለት፣ ባንክ ቤት ረግጦ የማያውቅ ሰው፣ ከጎኑ በአንድ ጊዜ ኑሮው የተወደደ ከተማ ሲበቅልበት ብሩ ስንት ዓመት እንደሚቆየው ገምቱት። የ1997ቱ ካሳ የሰብሉንና የጎጆውን ዋጋ ነበር የሚያሰላው፤ የጋራ ግጦሹን፣ ምንጩን፣ ከዕድር ቤቱ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ የምትወስደዋን አቋራጭ የሚያሰላ ሰንጠረዥ አልነበረም። ልጆቹ በራሳቸው ማሳ ላይ በቆመው ህንጻ ዘበኛና ተሸካሚ ሆነው ተቀጠሩ።

ይህ ቁጣ በየቤቱ ታፍኖ አልቀረም። ከተማውን ከዙሪያው የኦሮሚያ ከተሞች ጋር ያስተሳስራል የተባለው ማስተር ፕላን በ2006 እና በ2008 ዓ.ም. ተቃውሞ አስነስቶ የሰው ሕይወት ጠፋበት፤ ጥር 2008 ዓ.ም. ላይ ተሰረዘ። የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. ደግሞ ከ51 ሺህ በላይ የኮንዶሚኒየም ቤቶች እጣ ወጣ፤ ብዙዎቹ ኮዬ ፈጬ ላይ ናቸው። ለዓመታት ከደሞዙ እየቀነሰ የቆጠበው የአዲስ አበባ ሰው እልል አለ። በማግስቱ በኦሮሚያ ከተሞች ተቃውሞ ተነሳ፤ የኮዬ ፈጬ ርክክብም ታገደ። ሁለቱም ወገን እውነት ነበረው፤ ይህ ነው ነገሩን የሚያከብደው። ቆጣቢው የማንንም መሬት አልወሰደም፤ ተመዝገብ ተባለ፣ ተመዘገበ። ገበሬውም ቤት የለሽ ይኑር አላለም። ከመሬታቸው ለተነሱ ገበሬዎችና ልጆቻቸው ኮንዶሚኒየም እንዲሰጥ በዚያው ዓመት ተወሰነ፤ ከብት ያረባ የነበረ ሰው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቁልፍ ተቀበለ።

የወሰን ጥያቄው በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ በሁለቱ አስተዳደሮች ስምምነት ተቋጨ ተባለ፤ በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ሲመሰረት ኮዬ ፈጬ ከክፍለ ከተሞቹ አንዱ ሆነ። እጣውን ያወጣው አንዱ ከተማ፣ መንደሩን የሚያስተዳድረው ሌላው ከተማ። የተሰበረ ቧንቧ ይዞ በየትኛው ቢሮ በር ላይ መቆም እንዳለበት ነዋሪው ይወቀው። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርስ ብዙ ነዋሪዎቹ የተወሰዱት ወደ ገላን ጉራ ነው፤ እሷም ከአቃቂ ቃሊቲ ናት። መሃል ከተማ ሲፈርስ አቃቂ ሜዳ ላይ ይሰራል፤ ቅደም ተከተሉ አልተለወጠም።

መብራቱን ለመጨረሻ ያቆየሁት ሆን ብዬ ነው። የገጠሩ ቤት በኩበት ነበር የሚጋግረው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይፈልጋል። ለአንዲት መንደር የተተከለ 100 ኪሎዋት ያህል የሚችል ትራንስፎርመር ሰላሳ ምጣድ በአንድ ጊዜ አይሸከምም። የኮንዶሚኒየሙ ዲዛይን ለጋገራና ለእርድ ብሎ የጋራ ቤት አስቀምጦ ነበር፤ ሰዉ ግን በየኩሽናው ምጣዱን ሰካ። በበዓል ዋዜማ ሁሉም በአንድ ሰዓት ሲያሰማ ትራንስፎርመሩ ይጮህና ሰፈሩ ይጨልማል፤ ያኔ የየብሎኩ ፓምፖችም ይቆማሉ፣ ውሃውም ይሄዳል።

እስቲ ያንን ተጠራርጎ የታደሰውን አባ ሳሙኤልን መልሰን እንጥራው። ያለው 6,600 ኪሎዋት ነው። ለ3.5 ስታካፍሉት 1,900 ምጣድ አይሞላም። በ2011 ዓ.ም. እጣ ከወጣላቸው ቤቶች ሃያ ሰባት ላይ አንዱ ብቻ እንጀራ ይጋግርበታል፤ እሱም ደለሉ ተመልሶ እስኪሞላው ድረስ።